የበረዶ ሰንሰለት ለጌራ ጭቃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራል። እዚያ በረዶ ሲከመር ኤቲቪ የሚሏት ባለ አራት ጎማ ሞተር ፊት ላይ ሰፊ የብረት መግፊያ ገጥሞ የሰው ግቢና መኪና ማቆሚያ እየጠረገ ይሠራል። ለፋሲካ ሲመጣ የኤቲቪዋን ጎማ የሚያለብስባቸውን ሁለት ሰንሰለቶች ይዞልኝ መጣ። «እዚያ ያለ እነዚህ ንቅንቅ አልልም፣ ለአንተ ጭቃም ይሆናሉ» አለኝ። እኔ ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ እሸት ቡና በፒክአፕ አመላልሳለሁ። መኪናዋ ፎር ዊል አይደለችም፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። ጎማው ላይ 205አር16 ይላል። ክረምቱ ሳይገባ ላስራቸው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳታስር መጠየቅህ ጥሩ ነው። እነዚያን ሰንሰለቶች ፒክአፕህ ላይ እንዳታስራቸው። ሰንሰለት ለጭቃ አይሆንም ማለቴ አይደለም፣ በደንብ ይሆናል። እነዚህ ግን የአንተን ጎማ አያክሉም።

የኤቲቪዋ ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወንድምህን ጠይቀው። ብዙዎቹ 25 ብለው ይጀምራሉ፣ የጎማው ቁመት በኢንች ነው። ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። የአንተ ጎማ ግን 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል። ዙሪያውን በገመድ ብትለካው የአንተ በ33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ስንዝር ተኩል በለው። በወርድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ የኤቲቪ ጎማ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ሰንሰለቱ በዙሪያው ያጥርሃል፣ በጎን ይላላብሃል።

አውቃለሁ፣ «ሽቦ ቀጥልልኝ» ብትል የሚቀጥልልህ ጎሚስታ አታጣም። እባክህ አታድርገው። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሰቃ ወደ ጅማ ስመለስ፣ በሽቦ የቀጠልኩት ሰንሰለት ቁልቁለት ላይ ተፈታ። መጀመሪያ ፓራፋንጎው ሲደበደብ ሰማሁ፣ ጧ ጧ ጧ። ድንጋይ መስሎኝ ዝም አልኩ። የተፈታው ጫፍ ከጎማው ጋር እየዞረ የፍሬን ቱቦውን በጥሶት ኖሯል። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። በአንደኛ ማርሽ ይዤ የመንገዱን ዳር አፈር እየታከክሁ ነው ያቆምኳት። ከኋላ ሦስት ሰው ጭኜ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ስሰማ ወዲያው አቆማለሁ፣ አንተም ከሰማህ አንድ ሜትር እንኳ ሳትጨምር ቁም።

አሁን ወንድምህ ወዳለው ልምጣ። በአማርኛ በረዶ ስንል አንድ ቃል ነው፣ ነገሩ ግን ሁለት ነው። የእኛው ዘንቦ በሰዓት ውስጥ ይሟሟል። የእነሱ ተከምሮ፣ ተረግጦ፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ኤቲቪ ቀላል ናት፣ የምትገፋው በረዶ ግን ከባድ ነው። ጎማዋ መሬት ካልቆነጠጠ ሞተሩ ቢጮህም ባለችበት ትዞራለች። ሰንሰለቱ የሚጠቅማት በረዶውን ነክሶ ስለሚይዝ፣ ከሥርም አስፋልት ወይም የረጋ መሬት ስላለ ነው።

የእኛ ሀገር ቀይ አፈር ዳገት ላይ ሲሆን ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ካፊያ ሲነካው ላዩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ጣት ያህል ዝቅ ስትል ግን ደረቅና ጠንካራ ነው። እዚያ ሰንሰለት ወርቅ ነው። ወንዝ ዳርና ሜዳ ላይ ያለው ማጥ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከሥሩ የሚነከስ የለም። ሰንሰለት ያሰረ ጎማ እዚያ ሲዞር እንደ ዶማ ይቆፍራል፣ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር መኪናህን ራስህ ትቀብራታለህ። ከመግባትህ በፊት ወርደህ በትር ስደድበት። ስንዝር ሳይሞላ ከቆመ ሂድ። እስከ ጉልበት ከገባ ተመለስ።

ሰንሰለት ስታስገዛ 205አር16 የሚለውን ቁጥር ይዘህ አስገዛ፣ ለሁለቱም የኋላ ጎማ። ጎማውን አታጉድለው፣ በተለመደው አየር ሞልቶ ይሁን። መጀመሪያ የሰንሰለቱን የውስጥ ቁልፍ ግጠም፣ ከዚያ የውጩን። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደህ ውረድና እንደገና አጥብቀው፣ መጀመሪያ ላይ የጠበቀ የመሰለው ሲዞር ይላላል። ወደ ውስጥ በኩል ባሌስትራውንና የፍሬን ቱቦውን እንዳይነካ እጅህን አስገብተህ እይ። ፍጥነትህ ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። አስፋልት ስትደርስ ፍታው፣ ያለዚያ ሰንሰለቱም ጎማህም ያልቃሉ።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ቁልቁለቱን ነው። ሰንሰለቱ ያለው ከኋላ ብቻ ነው፣ መሪ የምታዞረው ደግሞ በፊት ጎማ። ቡና ጭነህ ስትወርድ ፊቷ ሊንሸራተትብህ ይችላል። ገና ከአናቱ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጥ። ዳገቱን ስለወጣህ ቁልቁለቱን ትወርዳለህ ማለት አይደለም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ፣ መፈልፈያ ጣቢያው እንደማይጠብቅህም አውቃለሁ። ቢሆንም ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ ያ ቀይ አፈር ቶሎ ይጠነክራል። አንድ ሰዓት ጠብቅ። ደግሞ ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ ይዘህ ዙር፣ ለማንጠፊያ ብለህ የሰው ቡና ጥላ ዛፍ አትቁረጥ።

የወንድምህን ሰንሰለቶች መልስለት። እኛ ቡና ስናሰጣ እነሱ ጋ በረዶው ይጀምራል፣ ያኔ ይፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ሰፈራችን ክረምት ላይ ጭቃ ነው። አንዳንድ ልጆች የኋላ ጎማ ላይ ገመድ ይጠመጥማሉ። ልሞክረው?

መልስ፦ አይሆንም። የኋላው ቢይዝልህም መሪህ አንድ ጎማ ነው፣ እሱን የሚይዘው የለም። ስታዞረው ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ወይ ቦይ ውስጥ ወይ ሰው ላይ። የጎማ ጥርስህ ካለቀ ቀይረው፣ ጭቃው ከባሰ ደግሞ ተሳፋሪህን አስፋልቱ ዳር አውርደው። ቢያኮርፍም ደህና ይገባል።