ሻጩ የሚሸጡት የላቸውም

በዚህ ወር ስለ መሬት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አነሣለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ መልሴም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን መንዝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ካናዳ፣ ሰስካችዋን የሚባለው አገር ከገባ 16 ዓመቱ ነው። አምና እዚያ 160 ኤከር የእርሻና የግጦሽ መሬት ገዛ። ፎቶውን ሲልክልኝ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ ዛፍ እንኳ የለበትም፤ ቁርጥ የእኛን ደጋ ይመስላል። «አንተም አገራችን ላይ ግዛ፣ ግማሹን ብር እኔ እልካለሁ» አለኝ። መሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የድሮ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ስድስት ጥማድ የገብስ መሬትና ሁለት ጥማድ የግጦሽ ጨፌ ሊሸጡልኝ ፈቅደዋል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ የሚያርስላቸው የለም። መሬቱን በጥር ሄጄ አየሁት፤ ልጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ድንጋይ የለበትም፣ ወደድኩት። ውሉን በሽማግሌዎች ፊት በብድር ስም እንጻፈው ብለውኛል። ገብስ ላመርትበት፣ በግ ላረባበት ነው ሐሳቤ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ብሩን ኪስዎ ያቆዩት።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ነገር ግን የሚሸጡልዎት ነገር የላቸውም። የገጠር መሬት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ዘግቶታል። እሳቸው እጅ ላይ ያለው ይዞታ ነው። ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጆቻቸው ያወርሱታል፤ መሸጥ ግን አይችሉም።

«በብድር ስም» የሚባለውን ደግሞ በ30 ዓመት የመሬት ሥራዬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ወረቀቱ ላይ «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ፤ ገንዘቡን እስክመልስ መሬቴን ይረስ» ተብሎ ይጻፋል። ወለድ አገድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ወገኖች በልባቸው ሽያጭ ነው ይላሉ፤ ወረቀቱ ግን ብድር ነው የሚለው። ሽማግሌው በሕይወት እስካሉ ሰላም ነው። ባረፉ በዓመቱ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ብሩን ይዘው ይመጣሉ፤ ያውም ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን፣ የዚያን ጊዜውን ብር። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ኩንታል ገብስ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እርስዎ ክስ ቢመሠርቱም ሕገ ወጥ ሽያጭ መሆኑን ራስዎ ፍርድ ቤት ቆመው ሊያስረዱ ነው።

ስለ ወንድምዎ መሬት ጥቂት ልበል፤ ነገሩ የተምታታው ከዚያ ፎቶ ይመስለኛልና። እዚያ አገር ቀያሾች በፈረንጅ 1870ዎቹ ጀምረው ያንን ሜዳ አንድ ማይል በአንድ ማይል እያደረጉ ሸነሸኑት። 160 ኤከር የዚያ ሩቡ ነው፤ ወደ 65 ሔክታር ይጠጋል። በእኛ አራት ጥማድ ለአንድ ሔክታር ብንይዝ 260 ጥማድ ገደማ ሊሆን ነው። መንዝ ውስጥ ያን ያህል ስፋት ቆመው ቢያዩ፣ ለአንድ አባወራ አራት ጥማድ ብለው ቢያካፍሉት 65 በር ያንኳኳል። እዚያም ቢሆን ለማንም አይሸጥም፤ ካናዳ የማይኖር፣ ዜግነቱም የሌለው ሰው ሰስካችዋን ውስጥ ከ10 ኤከር በላይ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ሕጉ ይከለክላል። ወንድምዎ የገዛው እዚያ ስለሚኖር ነው።

አሁን ወደሚቻለው ልምጣ። መከራየት ይችላሉ፤ ወይም ከአንድ ጠንካራ አራሽ ጋር የእኩል ይገባሉ። ኪራዩ በጽሑፍ ይሁን፤ ዓመቱ ቢያጥርም ቢረዝምም ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አስመዝግቡት። የሽማግሌ ወረቀት ለእርቅ ነው ጥሩ። ከመፈረም በፊት የይዞታ ደብተሩን ራሱን ይዩ፤ ቅጂውን አይደለም። የመጀመሪያውን ደብተር ስናዘጋጅ እኔም የመለኪያ ገመድ ከሚጎትቱት አንዱ ነበርኩ፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የለጠፍነው በከንቱ አይደለም። የሽማግሌው ባለቤት በሕይወት ካሉ እሳቸውም ይፈርሙ። አዋሳኞቹን በስም ይጠይቁ፤ ደብተሩ ላይ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ተብሎ የተጻፈው ሰው ዛሬም እዚያው ነው ወይስ ድንበሩ ተገፍቷል? ልጆቹንም ስልክ ደውለው ያሳውቁ፤ አባታቸው መሬት ማከራየታቸውን ከሰው አፍ ቢሰሙ ጠበኛ ይሆኑብዎታል። ክፍያውን የብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ አያፍስሱ፤ በየዓመቱ ይሁን። መንዝ ውስጥ ገብስ በበልግም ይዘራልና ውሉ «መኸርና በልግ» ብሎ ለይቶ ይናገር። አንዱን ወቅት ብቻ የተከራየ ሰው የካቲት ላይ ሌላ ሰው በሬ ጠምዶ ማሳው ውስጥ ሲያገኝ የተፈጠረውን ጠብ ለማብረድ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ጨፌው ላይ ግን ልቤ አልተቀመጠም። ከጨፌ ውስጥ በደብተር የተያዘ አለ፤ የወል የሆነም ብዙ ነው፤ የወል ከሆነ ሽማግሌው ሊያከራዩዎትም አይችሉም። ደብተሩ ላይ ከሌለ ይተዉት። ካለም እረኞቹን ይጠይቁ፤ የማን ከብት መቼ እንደሚገባ ከቀበሌ መዝገብ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። መሐሉን አቋርጦ ወደ ውሃ የሚወርድ የከብት መንገድ ካለበት አጥሮ መያዝ አይታሰብም። አዝመራ ከተነሣ በኋላ በገብሱ መሬት ላይ የሚቀረው ገለባም በልማድ የመንደሩ ከብት ነው፤ ከልክላለሁ ካሉ በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤት ያጣሉ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «ልጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ወደድኩት» ያሉት ነው። እኔም ወድጄ ነበር። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ከአማቼ ጋር ሆነን ደብረ ብርሃን አጠገብ አራት ጥማድ የእኩል ያዝን። ያየነው በጥር ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ድንጋይ የሌለው፣ ጥቁር አፈር። እኔ የመሬት ሰው ነኝ ብዬ ጎረቤት እንኳ አልጠየቅኩም። ሰኔ ባቄላ ዘራን። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስሄድ ባቄላው ውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ዳክዬዎች በመደዳው መሐል ይዋኛሉ። ከወዲያ ማዶ የሚያርም ገበሬ ሲያየኝ «ጌታዬ፣ ይህ እኮ የዳክዬ ማሳ ነው፤ እኛ እንኳን ባቄላ በቅሎም አናሳልፍበት» አለኝ። አማቼ ለሁለት ዓመት ያህል «ዳክዬዎቹ እንዴት ናቸው?» እያለ ነው ሰላም የሚለኝ የነበረው።

ወንድምዎ ሜዳ የሚወደው ኮምባይነር ስለሚነዳበት ነው። በእኛ ደጋ ሜዳ ማለት ክረምት ላይ ውሃ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ሲቃጠል ትንሽ ከፍ ያለው ተዳፋት ይተርፋል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል፤ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በእጃቸው ሰፊ መደብና ቦይ እያበጁ ውሃውን ያንቆረቁራሉ፤ ስንዴና ምስር የሚያገኙት በዚያ ጉልበት ነው። እርስዎ ያንን የሚሠራልዎት ሰው አለዎት? ስለዚህ የጥር ወሩን ጉብኝት ይርሱት። ነሐሴ ላይ ቦቲ ጫማ አድርገው ይሂዱ፤ ማሳው መሐል ይቁሙ። እግርዎ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ ይመለሱ። ኅዳር ላይ ደግሞ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሣሩ ነጭ የሆነው የት ድረስ እንደሆነ ይዩ። የኪራዩን ዋጋ የሚወስነው ያ መሥመር ነው።

በጉን በተመለከተ አንድ ሐሳብ ላክል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ብርድና ረሃብ ይችላል፣ ፀጉሩም ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሆናል። ለሱ መሬት መያዝ ግድ የለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በግቢያቸው የቆመ ሣር በጨረታ ይሸጣሉ። ቋሚ ሣር ገዝተው፣ አሳጭደው፣ ድርቆሽ ከምረው በጋውን መቀለብ ይችላሉ። የሚገዙት የአንድ ዓመት ሣር ነው፤ ጠብ የለውም፣ ውርስ የለውም። የወፍጮ ቤትዎ ፉርሽካም አለ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ እሱን ነበር የምሞክረው።

ጥያቄ፦ ከጣርማ በር ነው የምጽፍልዎ። ባለቤቴ በሁለታችን ስም ያለውን ሦስት ጥማድ መሬት ሳይነግረኝ ለአምስት ዓመት አከራየው፤ ገንዘቡንም ጨረሰው። ተከራዩ «ከባልሽ ጋር ጨረስን» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተሩ ላይ የአንቺም ፎቶ ካለ መሬቱ የጋራ ነው፤ ያለ አንቺ ፈቃድ የተፈረመው ውል ሊጸናብሽ አይገባም። ደብተሩ የት እንዳለ ዛሬውኑ እወቂ፤ ባልሽ ዘንድ ከሆነ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ መዝገብ ላይ ስምሽ አለ። አቤቱታሽን ለእነሱ በጽሑፍ ስጪ፤ የደረሰበትን ቀን በፊርማ አስይዢ። ካልሆነ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ። ተከራዩ ግን የዘራው ካለ እስኪያጭድ ብትታገሺው እመክርሻለሁ፤ እሱም ተታሎ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ምስክርሽ ነው። አዝመራውን ካሰናከልሽበት ዳኛው ፊት ሌላ ጉዳይ ይዞብሽ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን የተደራጀን የመሐል ሜዳ ወጣቶች ነን። እዚህ መንዝ፣ የጓሳ ደጋ ላይ ያ ሁሉ ሣር ዝም ብሎ ይበቅላል። ለበግ እርባታ የተወሰነ ቦታ በኪራይ ሊሰጠን ይችላል?

መልስ፦ ልጆቼ፣ «ዝም ብሎ» የሚለው ቃል አስቆኛል። ጓሳ ለዘመናት እንደዚያ የቆየው ዝም ስላልተባለ ነው። አቅኚ የሚባሉት አባቶች አስቦና ገራ ናቸው፤ የእነሱ ዘሮች ቄሮ በሚባል የሣር ጥበቃ ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ በቅሎ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል። በተዘጋበት ጊዜ ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ጌሳ የሚሆነው ሁሉ ከዚያ ይመጣ ነበር። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የቄሮው ሥልጣን ቀረ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ሌላ መልክ ሰጠውና ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም የሚኖሩበት በዚያ ምክንያት ነው። ለአምስት ሰው ተቆርሶ የሚከራይ የለውም፤ የሚያከራያችሁ ሰው ካገኛችሁ አጭበርባሪ ነው። አያቶቻችሁ የተጠቃሚ መብት ካላቸው ሣሩ በሚከፈትበት ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ማጭድ ይዛችሁ ግቡ።

እስከዚያው፣ ከላይ የወፍጮ ቤቱን ሰው ደብዳቤ አንብቡ። እሳቸው ብርና ፉርሽካ አላቸው፤ የሚያጭድና በግ የሚጠብቅ ሰው የላቸውም። እናንተ አምስት ጥንድ እጅ አላችሁ። ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ለአዘጋጁ ጻፉልኝ፤ የሣሩ ጨረታ ሳይወጣ አገናኛችኋለሁ።