ስለ ተለያዩ ጓደኛሞች የፌሪ ታሪክ ለምትጽፉ የድሬና የሐረር ልጆች

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን የምታመጡልኝ ረቂቆች ይመሳሰላሉ። ይህን ስል ቅር ብሎኝ አይደለም። የፈረንጅ ተረት መናፍስት፣ ክንፍ ያላቸው ፌሪዎች አሉ፣ በአንድ በር የሚገባበት ሌላ ዓለም አለ፣ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጓደኛሞቹ እንደ ድሮው አይሆኑም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምርና የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው የኖርኩት። በአሥራ ሰባት፣ በአሥራ ስምንት ዓመታችሁ ስለዚህ ጉዳይ መጻፋችሁን እወደዋለሁ፤ በዚያ ዕድሜ ከፍቅር እኩል፣ አንዳንዴም ከፍቅር በላይ የሚያመው እሱ ነውና። ፍቅረኛ ሲለይ ዘፈኑም አለ፣ አጽናኙም አይጠፋም። የልጅነት ጓደኛ ሲርቅ ግን "ምን ሆናችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢኖርም ምን ብለን እንመልስለታለን? አልተጣላንማ!

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ታሪካችሁ ውስጥ ጥፋተኛ አትፈልጉ።

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ጥሩ ረቂቅ አምጥታልኝ ነበር። ዓረፍተ ነገሯ ይፈስሳል፣ ጆሮ አላት። ታሪኳ ውስጥ አንዲት ክፉ ንግሥት ለአንደኛዋ ልጅ የሚያስረሳ መጠጥ ታጠጣታለች፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ የልጅነት ጓደኛዋን አታውቃትም። "ንግሥቲቱን ብታወጫትስ?" አልኳት።

"ታዲያ በምን ይለያያሉ ቲቸር?"

"አንቺና ያቺ ጓደኛሽ በምን ተለያያችሁ?"

ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ "እሷ ናቹራል ገባች፣ እኔ ሶሻል። ከዛ የእሷ ፈረቃ ጠዋት ሆነ፣ የኔ ከሰዓት። ከዛ... በቃ" አለችኝ። እሱን ጻፊው አልኳት። ያቺ "በቃ" ከንግሥቲቱ ምዕራፍ ሁሉ ትበልጣለች።

ፈረቃ ስለ መቀየር መጻፍ አሰልቺ ይመስላል፣ ገባኝ። ግን የፌሪ ተረት ራሱ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ አለው፤ እሱም ጊዜ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ ተረቶች ፌሪዎች ዘንድ አንድ ሌሊት ሲጨፍር ያደረ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ ዓመታት አልፈው ያገኛል። ኦሺን የሚባለው የአየርላንድ ጀግና ወደ ወጣትነት ምድር ሄዶ ጥቂት ጊዜ ብቻ የቆየ ይመስለዋል፤ ለካ 300 ዓመት ሆኖታል። ከፈረሱ ወድቆ እግሩ መሬት ሲነካ እዚያው ያረጃል። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በነቢዩ ኤርምያስ ታሪክ ያለው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለና 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ የበለሱ ወተት ገና ይንጠባጠባል፤ ከተማው ግን ከተማው አይደለም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። ዋሻ ውስጥ የተኙትን ወጣቶችማ የድሬ ልጅ በሁለት ወገን ነው የሚሰማው፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሰባቱ ደቂቅ ይላቸዋል፣ ሙስሊሙ አስሓቡል ከህፍ። ምግብ ሊገዛ የተላከው ልጅ በኪሱ የያዘው ገንዘብ ዘመን አልፎበታል።

እነዚህ ታሪኮች ውስጥ ማንም ማንንም አልከዳም። ጊዜው በሁለት ቦታ በሁለት ፍጥነት ሄደ፣ ሌላ ምንም የለም። የልጅነት ጓደኛሞችም አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት እንዲህ ነው። አንዷ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ወይም እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቤት ይቀይራሉ፣ ወይም አባት ይሞትና አንዷ በአንድ ክረምት ትልቅ ሰው ሆና ታድራለች። ሌላዋ ገና ልጅ ናት። ጥፋቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ሥራችን። ረቂቆቻችሁ ሁሉ የሄደችውን ልጅ ነው የሚከተሉት። የፌሪዎቹን ከተማ፣ ግብዣውን፣ ክንፉን እያሳያችሁን ሦስት መቶ ገጽ ትነጉዳላችሁ። የቀረችዋስ? ኧረ ስለ እሷም ጻፉ! እሷ እኮ አራት ዓመት ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ለብቻዋ ተመላልሳለች። መጀመሪያ ጠበቀች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ሳታስበው መጠበቋን ተወች። ሌላ ጓደኛ ያዘች። ያቺኛዋ ከአንድ ከሰዓት ጨዋታ እንደ ተመለሰች ቆጥራ በሩን ስታንኳኳ፣ የቀረችዋ ልቅሶዋን ጨርሳለች። ለኔ የታሪኩ ልብ እዚህ በር ላይ ነው።

በሩ ላይ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ትልቅ ነገር አይባልም። እኔ ብሆን ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስይዛት ነበር። ድሮ አንዱን ለሁለት እየገመሱ ነበር የሚበሉት። የተመለሰችዋ ቀፊራ ገበያ ገብታ ትገዛለች። ጋዜጣው በዘይት ረጥቧል፣ ጣቷ በሽሮፑ ተጣብቋል፣ እንደ ድሮው ገምሳ ትልቁን ግማሽ ትዘረጋለች። የቀረችዋ "ተይው፣ ጣፋጭ ትቻለሁ" ትላለች። ክፋት የለባትም። እውነቷን ነው፣ ከተወች ቆይታለች። ጋዜጣው ላይ የቀረውን ግማሽ ማን እንደሚበላው እናንተ ወስኑ። አየር ላይ የሚወናጨፍ እሳት ከዚህ በላይ አያስለቅሰኝም።

ስለ ቦታም ልናገር። ለምንድን ነው በረዶ የሚዘንበው? የድሬ ልጅ ፀሐይ አናቱን እየበሳችው በረዶ ሲጽፍ ያሳዝነኛል። የፌሪን ሕግ የምታውቁት ከስክሪን ብቻ ይመስላችኋል እንጂ አያቶቻችሁ ዘንድ ሞልቷል። ፌሪ ብረት ትፈራለች ይላሉ ፈረንጆቹ፤ ፌሪ ሕፃናቸውን ወስዳ የራሷን እንዳትተካባቸው አልጋው ላይ መቀስ ይሰቅሉ ነበር። የኛስ አራስ ብረት ሳትይዝ መቼ ከቤት ትወጣለች? ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ፣ ሙቅ ውሃ ስትደፉ ቢስሚላሂ በሉ እየተባላችሁ አይደል ያደጋችሁት? ይኸው ሕጋችሁ።

ሐረሮችማ ምንም ሰበብ የላችሁም። የከተማችሁ ግንብ ጁገል አምስት ጥንታዊ በር አለው፣ ከበሮቹ ሌላ ደግሞ ግንቡ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅብ ጅኒ ይበላል፣ ከተማውን ያጸዳል ብለው የሚያምኑ ዛሬም አሉ፤ በአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለትና አበላሉ ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይተነበያል። እስቲ አስቡት፣ ሁለት ሕፃናት በዚያ ቀዳዳ እየሾለኩ ወደ ጅኒዎች አገር ይመላለሳሉ። አንድ ክረምት ያልፍና የአንደኛዋ ትከሻ አላስገባ ይላል። አደገች፣ በቃ። ሌላዋ ከወዲያ "ነይ እንጂ!" እያለች ትጣራለች። ይህን ሐሳብ የፈለገ ይውሰደው፣ ሰጥቻለሁ።

ሁለቱ ከተሞቻችን ራሳቸው የመለያየት ታሪክ አላቸው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ አለ፣ ወጪውም ከበደ፣ ሐዲዱ ሜዳ ሜዳውን ዞሮ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ድሬ ያኔ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ከዚያ በኋላ ሸቀጡም ነጋዴውም ወደ ሐዲዱ ወረደ። ሐረርን የበደላት ሰው አልነበረም፤ አቀበት ነበር። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን አቀበት በመኪና ስትወጡ መስኮቱን ክፈቱና ሙቀቱ የቱ ጋ እንደሚለቃችሁ ልብ በሉ። ከሁለቱ ልጆች አንዷን ታች፣ አንዷን ላይ አድርጋችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ልብስ ያስቀይራል።

የድሬውን ወንዝ ደቻቱን ግን በጥንቃቄ ያዙልኝ። ደረቁ አሸዋ ቀትር ላይ ለጅኒ ታሪክ እንደሚመች አውቃለሁ። ይሁንና በ1998 ክረምት ያ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም መካከላችን አሉ። ጎርፉን የፌሪ ቁጣ አድርጎ የጻፈ ልጅ ገጥሞኝ እንዲያወጣው ነግሬዋለሁ፣ አሁንም ያው ነኝ። የሰው ሐዘን የአስማት ማስጌጫ አይሆንም።

አጨራረሱን በተመለከተ፣ ሁለቱን በአንድ ምትሐት አስታርቃችሁ አታቃቅፉብኝ። ያልተጣላ ሰው አይታረቅም። እንደ አዲስ ቢተዋወቁ ግን አልቃወምም፤ "አሁን ምን ትወጃለሽ?" ብላ አንዷ ብትጠይቅ ለኔ ይበቃኛል። ቢለያዩም ይለያዩ። ብቻ አንባቢው ሁለቱንም እየወደደ መጽሐፉን ይክደን።

ስለ ራሳችሁ ጓደኛ የምትጽፉ ካላችሁ (አብዛኞቻችሁ ናችሁ፣ ይታወቃል) ስሟን መቀየር ብቻ አይበቃም። ድሬ ላይ ሰፈሩን፣ የአባቷን ሥራና የታላቅ ወንድሟን ነገር ከጻፋችሁ ገንደ ቆሬ ሙሉ ያውቃታል፤ ሐረርማ ጁገል ውስጥ ከሰዓት ሳይሆን ይሰማል። ያመነቻችሁን ምስጢር አውጡት። የቀረውን ደግሞ ለሌላ ሰው ከማስነበባችሁ በፊት ለእሷ ላኩላት። በቴሌግራም ከተጻጻፋችሁ ዓመት ቢሆናችሁም ላኩላት። "ይሄ አልነበረም" ብላ የምታርመው ቦታ ካለ እሱን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።