አውሮፕላን በሰዓት ስንት ነዳጅ ይበላል? ጥያቄና መልስ የበረራ ዕቅድና ነዳጅ ከሚያሰላው ዲስፓቸር ጋር

ዲስፓቸሩ፦ ሳንጀምር ሁለት ነገር። እዚህ የምጽፈው ሁሉ በኪሎ ግራም ነው፤ ሊትር የሚፈልግ ለ0.8 ያካፍል። ሁለተኛ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት ከነሙሉ ስሙ ጻፉ። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ ክብደት፣ ከፍታና ነፋስ ይቀያይሯቸዋል።

ማሙሽ፦ ጋሼ፣ 777 ስንት ይበላል?

ዲስፓቸሩ፦ አሁን ምን አልኩ? የትኛው 777? 300ኢአር ነው ብዬ ልለፈው። ረጅም በረራ ሲጀምር በሰዓት ወደ 9 ቶን ይጠጋል፣ ነዳጁን አቃጥሎ ሲቀል ወደ 6.5 ይወርዳል፤ አማካዩ 7.5 ቶን አካባቢ ነው። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ በረራ፣ ይህን ያህል ልዩነት። የሰዓት ቁጥር ብቻውን የማይረባው ለዚህ ነው።

የጣና ልጅ፦ ወደ ባሕር ዳር ኪው400 ይሻላል ወይስ 737-800?

ዲስፓቸሩ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ኪው400 ለዚያ መንገድ ከ900 ኪሎ ብዙ አይርቅም፣ 737-800 ደግሞ ወደ 2 ቶን ይፈልጋል። በወንበር ብታካፍለው ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ተርቦፕሮፑ፣ ማለትም በፕሮፔለር የሚበረው ኪው400፣ ግን በትንሽ ተሳፋሪም ያዋጣል። ጄት ነዳጅ የሚቆጥበው 35 ሺህ ጫማ አካባቢ ወጥቶ ረጋ ብሎ ሲበር ነው። በአጭር መንገድ ገና እንደወጣ መውረድ ይጀምራል።

የዲሲዋ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ደብሊን ላይ ቆመን ነዳጅ እንሞላ ነበር፣ ስንመለስ ግን በቀጥታ ነው። ታንኩ ትንሽ ነው?

ዲስፓቸሩ፦ እህቴ፣ ታንኩ ምንም አልሆነም። በ787-8 እናስላው። ታንኩ 126 ሺህ ሊትር፣ ማለትም ወደ 101 ቶን ይይዛል። ሲበር በሰዓት 4.9 ቶን ገደማ ይበላል፤ ወደ ምዕራብ የፊት ነፋስ ስላለ 14 ሰዓት ተኩል ብንለው 71 ቶን ነው። መጠባበቂያውን ጨምረን 77 እንበል። ባዶው አውሮፕላን ወደ 120 ቶን፣ ሰውና ሻንጣ 25። ድምሩ 222 ቶን። የተፈቀደው ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 227.9 ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ይነሳል።

ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት መሬት ላይ በ12 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ቢሆንም ጎማው የሚችለው ፍጥነት ገደብ አለው፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ ደግሞ በቀረው ብቻ መውጣት ግድ ነው፣ ዙሪያው ተራራ ነው። ቀትር ላይ ሲሞቅ ይብሳል፤ ከባድ በረራ ሌሊት ቢነሳ የሚመረጠው ለዚህም ነው። ስለዚህ ወይ ተሳፋሪ ትቀንሺያለሽ ወይ ነዳጅ ቀንሰሽ መንገድ ላይ ትሞያለሽ። የዋሽንግተኑ ደልስ አየር ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ መመለሻው በአንድ ትንፋሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ክንፉ፦ 4.9 ቶን ማለት 4,900 ሊትር መሆኑ ነው?

ዲስፓቸሩ፦ አይደለም! 6,100 ሊትር ገደማ ነው። መለኪያ፣ መለኪያ! በ1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ 767 22,300 ኪሎ ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ሊትሩን ወደ ኪሎ ለመቀየር በ0.8 ፋንታ በ1.77 አባዙ፤ ያ ሊትርን ወደ ፓውንድ የሚቀይር ቁጥር ነው። ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ተነሳ፣ ሁለቱም ሞተሮች አየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ እያንሸራተቱ ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፉት፤ ሰው አልሞተም።

ሳሚ፦ ኤ350-900 እያለ 787 ለምን? ኤርባሱ ይበልጣል።

ክንፉ፦ በሰዓት 5.8 ቶን የሚበላው እንዴት ነው የሚበልጠው?

ሳሚ፦ 343 ሰው ይጭናላ! 787-8 270 ነው።

ክንፉ፦ ወንበሩ ከሞላ ነዋ። ሁሌ ይሞላል ያለህ ማነው?

ዲስፓቸሩ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ሞልቶ ሲሄድ ኤ350 በወንበር በሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ይቆጥባል፣ ካልሞላ 787-8 ያሸንፋል። የቡድን ድጋፉን ለስታዲየም ተዉት።

ሊያ፦ ለደኅንነት ታንኩን ሁሌ ሞልቶ መሄድ አይሻልም?

ዲስፓቸሩ፦ አይሻልም። ነዳጅን ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። ለአሥር ሰዓት በረራ 10 ቶን ትርፍ ብትጭኚ ከ3 እስከ 4 ቶኑ እዚያው አየር ላይ ያልቃል። የሚጫነው በስሌት ነው። 737-800 ወደ ናይሮቢ ሲሄድ በግምት፦ ለመሬት ላይ ጉዞ 200 ኪሎ፣ ለበረራው 4,400፣ ለመጠባበቂያ የዚያ 5 በመቶ 220፣ ናይሮቢ ባይቻል ወደ ሞምባሳ 1,700፣ በመጨረሻ የማይነካው የ30 ደቂቃ 1,100። ድምር 7,620። አየሩ ከከፋ ወይም ወረፋ ከተጠበቀ ካፒቴኑ ይጨምራል።

ማሙሽ፦ ግን ሊያርፍ ሲል ነዳጁን ይደፋል አይደል?

ሳሚ፦ አዎ፣ ሁሉም ይደፋል።

ዲስፓቸሩ፦ ሁሉም አይደፋም! 737 እና ኤ320 መድፊያ የላቸውም። 777 እና 787 አላቸው፤ እሱም እንደተነሱ ችግር ገጥሟቸው ከማረፊያ ክብደታቸው በላይ ሆነው መመለስ ሲኖርባቸው ነው። መድፊያ የሌለው ዞሮ ዞሮ ያቃጥላል፣ ካስቸኮለም በክብደቱ አርፎ ይመረመራል። በመደበኛ በረራ ማንም አይደፋም።

የጣና ልጅ፦ ነዳጁ እዚያ ላይ አይረጋም?

ዲስፓቸሩ፦ የምንሞላው ነዳጅ፣ ጄት ኤ-1፣ እስከ 47 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። ቀጥሉ።

የዲሲዋ፦ ታዲያ ቲኬቱ ለምን ተወደደ?

ዲስፓቸሩ፦ የሽያጭ ቢሮ ጥያቄ ነው።

ማሙሽ፦ ሄሊኮፕተርስ ስንት ይበላል?

ዲስፓቸሩ፦ የትኛው ሄሊኮፕተር፣ ማሙሽ?