በ3.1 ነጥብ ስትራክቸር ለመማር፦ ከደሴ ለጠየቅሽው

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ላልተከታተሉት ላጠቃልለው፦ ከኮምቦልቻ ግቢ በሲቪል ተመርቀሽ ደሴ ውስጥ የሕንፃ ሳይት ላይ ትሠሪያለሽ፣ ነጥብሽ 3.1 ነው፣ ውጭ ሄደሽ ስትራክቸር (የሕንፃን ጥንካሬ የሚያጠናውን የሲቪል ዘርፍ) መማር ትፈልጊያለሽ። በዚህ ነጥብ ይቀበሉኛል ወይ፣ ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግድ ነው ወይ፣ ስቴትመንቱ (ለምን መማር እንደፈለግሽ የምትጽፊው ድርሰት) ላይ ምን ልጻፍ፣ ሥራዬንስ ልልቀቅ ወይ ብለሻል። እኔም ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ከሠራሁ በኋላ ነው ለስትራክቸር ያመለከትኩት፤ አሁን ደግሞ የሀገር ልጆች ስቴትመንታቸውን እይልን እያሉ ስለሚልኩልኝ ብዙ አይቻለሁ።

ስለ ነጥቡ በአጭሩ፦ አሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛ ብለው የሚያስቀምጡት 3.0 ነው። በሩ አልተዘጋብሽም፣ ነጥቡ ብቻውን ግን አያስገባሽም። ሜካኒክስ፣ ስትራክቸራል አናሊሲስና ኮንክሪት ላይ ያመጣሽውን ለይተው ያዩታል፤ ሰርቬዪንግ ያወረደብሽን ማንም አይቆጥረውም። ጂአርኢን ብዙ ዲፓርትመንቶች ትተውታል፤ የሚጠይቅ ካለ ገጹ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የእንግሊዝኛ ፈተና ግን አይቀርልሽም።

ዋናው ስቴትመንቱ ነው። ከሚደርሱኝ ውስጥ የሚበዙት «ከልጅነቴ ጀምሮ ረጃጅም ሕንፃዎች ያስደንቁኝ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። ይህንን የሕንዱም የናይጄሪያውም አመልካች ጽፎታል። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ምን ዓይነት ችግር ይዘሽ እንደምትመጪ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደሴ ላይ ቆሞ ችግር አጣሁ የሚል የስትራክቸር ሰው ዓይኑን ጨፍኗል ማለት ነው።

ነገ ከፒያሳ ጀምረሽ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች እያየሽ ሂጂ። ግራውንዱ ሱቅ ነው፤ ፊት ለፊቱ መስታወት እንጂ ግድግዳ የለውም። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ተዘግተዋል። ዲዛይኑ ሲሠራ ኢታብስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ብሎኬቱ የገባው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክብደት ብቻ ነው፣ ግትርነቱን የቆጠረለት የለም። መሬት ሲነቃነቅ ግን ያ ብሎኬት የላይኞቹን ፎቆች አንድ ላይ ያደነድናቸዋል፣ እንቅስቃሴው በሙሉ ግራውንዱ ላይ ይጠራቀማል፣ የሚሰበሩትም የሱቆቹ ኮለኖች ናቸው። ሶፍት ስቶሪ ብለው ያስተማሩሽ ይኸው ነው፤ በየቀኑ በሥሩ ታልፊያለሽ።

ወደ ሳይትሽ ስትመለሺ ደግሞ ስታፋውን (የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት) እዪ። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ፣ የብረቱን ውፍረት 10 እጥፍ ያህል ወደ ኮለኑ ውስጥ መግባት ነበረበት። ፌሮ ሠራተኛው ለማሰር ስለሚቀለው በ90 ያጥፈዋል። ቢምና ኮለን የሚገናኙበት ቦታማ ፌሮው ስለሚጨናነቅ፣ ማንም ቆሞ ካላየው ስታፋው ጭራሽ ይቀራል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ የኮንክሪቱ ሽፋን ሲረግፍ በ90 የታጠፈው ስታፋ ይከፈታል፣ ኮለኑም ባዶውን ይቀራል። ይህ ደግሞ ሩቅ ያለ ስጋት አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጓታል። ካራ ቆሬ ከከሚሴ አለፍ ብሎ፣ በየጊዜው አዲስ አበባ ስትሄጂ የምታልፊባት ከተማ ናት።

እንግዲህ ስቴትመንትሽን ከዚህ ጀምሪ። «የብሎኬት ግድግዳ ያላቸው ዝቅተኛ የኮንክሪት ሕንፃዎች በመንቀጥቀጥ ጊዜ ምን ይሆናሉ፣ የተሠሩትንስ በትንሽ ወጪ እንዴት እናጠናክራቸው» የሚል ጥያቄ ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች ዛሬም የሚሠሩበት ነው። ጥያቄው የምር መሆኑን ለማሳየት ትንሽ ሥራ ጨምሪበት። ኦፕንሲስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ በፓይተንም ይሠራል፣ ለዚህ ሥራ ውድ ላፕቶፕ አይጠይቅም። የሳይትሽን አንድ ፍሬም መጀመሪያ ያለ ብሎኬት፣ ከዚያ ብሎኬቱን በዲያጎናል ስትራት (በሰያፍ በሚገባ ደጋፊ) ተክተሽ ሞክሪው፤ የግራውንዱ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደተለወጠ በአንድ ግራፍ አውጪው። (የባለቤቱንና የኮንሰልታንቱን ስም አትጻፊ፤ የሰው ሕንፃ ላይ ጣት መቀሰር አያስፈልግም።)

ያ ግራፍ ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊም ይጠቅምሻል። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በታላቁ ዩኒቨርሲቲዎ...» የሚል ኢሜይል በቀን ስንት ይደርሳቸዋል መሰለሽ፤ ሳይነበብ ይጠፋል። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል፦ ማን እንደሆንሽ፣ ከጽሑፉ የትኛውን አንብበሽ ምን እንደጠየቅሽ፣ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። አሜሪካ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ወጪ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ፒኤችዲው ላይ ነው፣ ብዙ ቦታም በባችለር በቀጥታ ለፒኤችዲ ይቀበላሉ። ያም በፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ላይ ስለሚንጠለጠል «ዘንድሮ ገንዘብ የለኝም» ካለሽ አትከፊ። ለማመልከቻ ክፍያው ቪዛ ካርድ ከማፈላለግሽ በፊት ለዲፓርትመንቱ ጽፈሽ ይነሳልኝ በይ፤ የሚያነሱ አሉ።

ሪኮመንዴሽን ላይ እኛ ጋ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ መምህሩ «ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ» ይልሻል። እሱን ተዪና አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው፦ የትኛውን ኮርስ አስተማረሽ፣ ስንት አገኘሽ፣ ፕሮጀክትሽ ምን ነበር፣ አሁን ሳይት ላይ ምን ትሠሪያለሽ። ከዚያ ራሱ ይጻፈው። የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ቢጠቀም ይሻላል።

አውሮፓን ካሰብሽ ቫይማር ያለው ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ አደጋና ስትራክቸር ላይ ያተኮረ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ አለው። ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይጠይቅም፤ ችግሩ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት 11,904 ዩሮ። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ አትቁጠሪው። ሌላ የምወደው ሳህክ የሚባለው ነው፤ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚያጠና፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ጣሊያንና ቼክ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት። ላሊበላ እዚሁ ወሎ ሆና፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከለው የብረት መጠለያ ይህን ያህል እያነጋገረ፣ ከእኛ ልጆች በቂ ሰው አለመሄዱ ይገርመኛል። አዲስ አበባና ባሕር ዳርንም አትናቂ፤ በትምህርት ሚኒስቴር የመግቢያ ፈተና አልፈሽ ጥሩ ቴሲስ ከሠራሽ 3.1 ላይ ማንም አያፈጥም።

የወጪ መጋራቱን ዕዳ መክፈል አሁኑኑ ጀምሪ። ካልጨረስሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣልሽም፤ ለማመልከቻው ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በእጁ የሚሰጠውን ቅጂ) ብዙ ቦታ ይቀበሉሻል፣ ቅበላ ሲመጣ ግን ኦሪጅናሉን ይሉሻል።

ሥራ መልቀቁን በፍጹም። ዳአድ ኢፖስ የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ዲግሪውም ብዙ የቆየ እንዲሆን አይፈልግም፤ አንቺ አሁን ለእሱ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ነሽ። የልምድ ደብዳቤሽን ግን ሕንፃው ሳያልቅ አሠሪ፤ ፕሮጀክት ሲዘጋ ሬዚደንት መሐንዲሱም ፎርማኑም በየፊናው ይበተናል፣ ፈራሚ ፍለጋ ሰመራ ድረስ የሄደ ሰው አውቃለሁ።