ጠብታውን ጣይው፣ አፍንጫሽን የደፈነው እሱ ነው

እህቴ፣ «ከመስከረም ወዲህ ማስነጠስ አላቆመኝም፤ ዓይኔንና ላንቃዬን ያሳክከኛል፤ ሳይነስ ነው ተብዬ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ጨረስኩ፤ አሁን የሚያስተነፍሰኝ ፋርማሲ የሰጡኝ የአፍንጫ ጠብታ ብቻ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ጉድ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። አንቺ ካዛንቺስ ነሽ፣ እኔ ስታዲየም አካባቢ ነው ቢሮዬ፣ ቤቴ አራት ኪሎ፤ የምንተነፍሰው አየር አንድ ነው። ዳማከሴ አሽተሽ ማሽተት፣ ፌጦ መጠጣት ያሉሽን ሰዎች አልነቅፍም። እናቴም ሁሉንም ሞክራብኛለች። መጨረሻ ላይ «በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አልሰማ ብለሽ ነው» ብላ ፈረደችብኝ።

ብርድ ግን አይደለም። ጉንፋን ቢሆን በሳምንት በአሥር ቀን ይለቅሽ ነበር። አልጻፍሽውም እንጂ ትኩሳት እንደሌለሽ፣ የሚወርደውም እንደ ውሃ የጠራ እንደሆነ እገምታለሁ። አለርጂ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአለርጂ ምንም አይፈይድም።

1ኛ. ጠብታው። ስንተኛ ቀንሽ እንደሆነ አልነገርሽንም። ጠርሙሱን አንሺና ስሙን አንብቢ፤ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የሚል ከሆነ አደራሽን ስሚኝ። ይህ መድኃኒት የአፍንጫን የደም ሥሮች ያኮማትርና በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍትልሻል። እኔ መጀመሪያ የጨመርኩት ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚቆላ ቡና ሸተተኝ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል። ኃይሉ ሲያልቅ የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ፣ አፍንጫሽ ይደፈናል፣ አንቺም አለርጂው የባሰ መስሎሽ ትጨምሪያለሽ። እኔ ሰባት ወር ጨመርኩ። አንድ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንድ የቢሮ መሳቢያ፣ አንድ ትራሴ ሥር። ቅዳሴ ላይ ቆሜ በነጠላዬ ተሸፍኜ ጠብታ የጨመርኩ ሰው ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

በእነዚያ ወራት ሁለት ቦታ ታየሁ። «አፍንጫሽ ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። አንደኛው የግል ሆስፒታል ጭራሽ ሲቲ ስካን አስነሥቶኝ፣ ኦፐሬሽን ያስፈልግሻል አለኝና ወደ ካርድ ክፍል ላከኝ። የተጠየቅኩት ቅድሚያ ክፍያ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነበር። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሲሞላልሽ ነይ» አለችኝ። እንደዚያ ብላ ባታዋርደኝ ኖሮ ተበድሬም ቢሆን እተኛላቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ንቀቷ ነው ያዳነኝ።

መዳኔን ያገኘሁት ፒያሳ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እንደ ልማዴ «ሁለት ጠብታ» ስላት ልጅቷ እጇን መደርደሪያው ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ «እህቴ፣ በዚህ ወር ይሄ አራተኛሽ ነው፣ አልሸጥልሽም» አለችኝ። ሰው ፊት ጮኽኩባት፤ ገንዘቤን ነው የምከፍል አልኳት። እሷ ግን ድምጿን ሳትቀይር አስረዳችኝ። በአንዴ ማቆም ካቃተሽ መጀመሪያ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ አቁሚ፣ እሱ ሲከፈት ሌላውን። የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች ተቀምጬ ነው ያደርኩት፤ በሁለት ሳምንት ነፃ ወጣሁ። በኋላ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤላት ሄጃለሁ።

2ኛ. በምትኩ የምትፈልጊው አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ስፕሬይ ነው፤ ቤክሎሜታሶን፣ ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን የሚባሉት። እነዚህ እንደ ጠብታው አይደሉም፣ እብጠቱን ከሥሩ ነው የሚያበርዱት። ችግሩ ወዲያው አይሠሩም። ሙሉ ኃይላቸው እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መንፋት ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል። አነፋፉንም የሚያሳይሽ የለም። እኔ ቀጥ አድርጌ ወደ መሐል አጥንቱ እየነፋሁ በሳምንቴ ነጠላዬ ላይ ደም አየሁ። አንገትሽን ትንሽ ደፋ አድርጊ፤ በቀኝ እጅሽ የግራውን፣ በግራሽ የቀኙን፣ ጫፉ ወደ ጆሮሽ በኩል ያነጣጥር። ጠንክረሽ አትሳቢው፣ ወደ ጉሮሮሽ ወርዶ ይቀራል። እኔ አሁን ጳጉሜ ላይ እጀምራለሁ፣ ሳሩ ሳያብብ።

ለማሳከኩና ለማስነጠሱ ሴትሪዚን 10 ሚሊግራም ማታ ማታ አንድ። ክሎርፌኒራሚን ከሰጡሽ ሥራ ቀን አትውሰጂ። እኔ ወስጄ ታክሲ ውስጥ አንቀላፋሁ፤ አራት ኪሎ መውረድ ሲገባኝ ረዳቱ ሽሮ ሜዳ ላይ ቀሰቀሰኝ። ደግሞ የተሳፈርኩት ሒሳብ የምንዘጋ ቀን በምሳ ሰዓት ነበር፤ አለቃዬ እስካሁን ያነሣብኛል።

3ኛ. አደይ አበባን ተያት። እኔ በ2014 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የሰፈር ልጆች አበባየሆሽ ብለው ሰጥተውኝ የሄዱትን እቅፍ ከኋላቸው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፣ አንዷ ዞር ብላ አየችኝ። በከንቱ ነው ያሳዘንኳት። የአደይ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ የሚያመላልሰው ንብ እንጂ ነፋስ አይደለም። የሚያስነጥሰን አበባው አበባ የማይመስለው ሳር ነው። ክረምቱን ጠጥቶ ያድግና ዝናቡ ሲያባራ ያብባል፣ ብናኙ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ሰውነታችን እንደ ጠላት ቆጥሮት ሂስታሚን የሚባል የሚያሳክክና የሚያስነጥስ ኬሚካል ይረጫል፣ የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ። የጥድ ብናኝም በነፋስ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ደግሞ የቁፋሮው አቧራና የናፍጣ ጭስ አለ፤ እነሱ የአበባ ብናኝ ባይሆኑም ለተቆጣ አፍንጫ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ናቸው። የበዓል ዕጣንም እንደዚያው፣ እኔ ቡና ሲፈላ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው።

ስለዚህ አንሶላሽን በረንዳ ላይ አታስጪ። እኔ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብናኝ የሰበሰበውን አንሶላ «ፀሐይ ጠጥቷል» ብዬ ፊቴን ስቀብርበት ኖሬአለሁ። ከውጭ ስትገቢ ልብስሽን ቀይሪ፣ ፀጉርሽን ማታ ታጠቢ። በፊት ታክሲ ውስጥ «ንፋስ ይመታኛል፣ መስኮት ዝጉ» የሚሉትን እናቶች እበሳጭባቸው ነበር፤ ዛሬ የምጮኸው እኔ ነኝ። አፍንጫዬን ማታ በኖርማል ሳላይን (በተመጠነ የጨው ውሃ) አጥባለሁ። ቤት የምታዘጋጂ ከሆነ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ እንዳለ በጭራሽ።

4ኛ. አለርጂሽ ከምን እንደሆነ የሚለየውን የቆዳ ምርመራ ላድርግ ካልሽ ሴትሪዚኑን ከሳምንት በፊት አቁሚ። ይህን ቀድሞ የሚነግርሽ የለም። እኔ ከቢሮ አስፈቅጄ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ይዤ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ስገባ «መድኃኒት ወስደሻል? በቃ ሂጂ» ተባልኩ። ስልክ ደውዬ ቀጠሮ ስይዝ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? የካርዱንም አልመለሱልኝም። አልተመለስኩም፤ ሳር መሆኑን ከቀን መቁጠሪያዬ አውቄዋለሁ፣ ከኅዳር በኋላ አያስነጥሰኝም።

ዓይንሽን አትሺው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ያለበት የዓይን ጠብታ ከሰጠሽ የዓይን ሐኪም ሳያይሽ እንዳትጠቀሚ፤ ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ ለሐኪምሽ አሳይተሽ ነው። ማታ ማታ ደረትሽ ካፏጨ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ይህ የእኔ ምክር አይመለከትሽም፣ አስም ሊሆን ይችላልና ሳታድሪ ሂጂ።

አሁን የጠርሙሱን ስምና ከጀመርሽ ስንት ቀን እንደሆነሽ እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፤ ገና ሦስት ቀን ያልሞላሽ ከሆነ የእኔን አራት ሌሊት አታይውም።