ቤዝ ጊታር ይዛችሁ መድረክ ለምትወጡ የሐዋሳ ልጆች

ሰላም ለእናንተ፤

ከትምህርትና ከሥራ የተረፈቻችሁን ሰዓት አዋጥታችሁ፣ የአንዱን ኪቦርድ ከሌላው ድራም ጋር አገናኝታችሁ ባንድ ያቆማችሁ ሁሉ፣ ይህ ደብዳቤ ከመካከላችሁ ቤዝ ለያዘው ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ የሚደርሰው ሊድ ጊታር ፈልጎ ቦታው ተይዞ ላገኘው ነው። አይክፋችሁ። ሠርግ ላይ ቤዙ ሲዛነፍ ምን እንደተበላሸ ለይቶ የሚናገር ሰው የለም፤ ጭፈራው ግን ይቀዘቅዛል፣ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ምክሬ በአብዛኛው ከዚህ የሚቀዳ ነው። ቤዚስት መድረክ ላይ ቆሞ የሚሰማውና ሕዝቡ የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የዚህ ድምፅ አንዲት ሞገድ ርዝመቷ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ብዙ የሆቴል መድረክ ደግሞ ወርዱ ራሱ 8 ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለው ሞገድ በየአቅጣጫው ይፈስሳል፣ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ይጋጫል፤ እዚህ ይጎላል፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ይጠፋል። ጣት ክሩን ሲነካ የሚሰማው ከፍ ያለው ክፍል ግን ከስፒከሩ ፊት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስፒከሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እናንተ አንድ እርምጃ ፊቱ ከቆማችሁ፣ ያ ክፍል ባታችሁን መትቶ ያልፍና ጆሯችሁ ጋ የሚደርሰው ጉምጉምታው ብቻ ይሆናል። ልጁ ታዲያ «አልሰማኝም» ይልና ቮልዩም ይጨምራል። ፊት ጠረጴዛ የተቀመጡት እንግዶች ብርጭቋቸው ሲንቀጠቀጥ ያያሉ፤ እሱ አሁንም አልሰማውም።

መፍትሔው ቮልዩም አይደለም። አምፑን (ስፒከሩን የያዘውን ማጉያ) ጠንካራ ወንበር ላይ አውጡት፣ ወይም ከፊቱ ሥር እንጨት አስገብታችሁ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉት፣ አፉ ወደ ጆሯችሁ ይዙር። የክፍሉ ጥግ ላይ አታስቀምጡት፤ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ጉምጉምታውን ያበዛዋል። ከዚያ አምፑ ላይ ያለውን «ቤዝ» የሚለውን ቁልፍ ተዉትና ሚዱን፣ የመካከለኛውን ድምፅ ቁልፍ፣ ንኩ። ከ200 እስከ 300 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገበው ብዛት) ያለው አካባቢ ድምፁን የሚያደፈርሰው ነው፣ ትንሽ ቀንሱለት። ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ጥቂት ጨምሩ፤ የምትመቱት ኖታ ከድራሙና ከኪቦርዱ መካከል ነጥሮ ይወጣል። ቤታችሁ ብቻችሁን ስትለማመዱ ደስ ያላችሁ ወፍራም ድምፅ ባንድ ውስጥ የሚጠፋው፣ የኪቦርዱ ግራ እጅና የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ያንኑ ቦታ ስለሚይዙት ነው። ኪቦርዲስቱን በትሕትና «ግራ እጅህን አሳርፋት» በሉት። ካኮረፈም ያኮርፍ።

ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የድምፅ ሙከራ) ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቤዙን ይያዝላችሁና እናንተ ውጡ። 10 ሜትር ርቃችሁ፣ ከዚያ በጎን፣ ከዚያ ምግብ በሚነሣበት በኩል ቆማችሁ ስሙ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ የሚያስተጋባው ሰው ሲሞላ ይቀንሳል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል፣ በተለይ ከፍ ያለውን። ስለዚህ በባዶ አዳራሽ በጣም የሚጮኽ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሰው እስኪገባ ጠብቃችሁ እንደገና ፍረዱ።

ሐይቅ ዳር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም የራሱን ያደርጋል። ለልምምድ የበቃችው 100 ዋት አምፕ እዚያ ትንኝ ትመስላለች። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፣ ጆሮ ብዙም አይለየውም፤ ድምፁ በጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ትልቅ አምፕ ለመከራየት ገንዘብ አትጨርሱ። አንድ ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) ግዙና ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ አስገቡት፣ አምፓችሁ ለእናንተና ለድራመሩ ብቻ ይሁን። ተጨማሪ ስፒከር ልቀጥል የሚል ካለ ግን ጀርባው ላይ ያለውን የኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ቁጥር ይይ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሦስተኛ ሲጨመር ከ3 በታች ይወርዳል፣ ዝቅተኛው 4 ነው የተባለ አምፕ ደግሞ በዚያ መካከል ሊቃጠል ይችላል። ከአምፑ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውም ኬብል የስፒከር ኬብል እንጂ የጊታር ጃክ መሆን የለበትም፤ መልካቸው ቢመሳሰልም የጊታሩ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ይግላል።

ሐይቅ ዳር ስል አንድ ትዝብት ልጨምር፦ ዕቃችሁን ከዛፍ ሥር አትደርድሩ። አባ ኮዳ ከላይ ካረፈ ሚክሰሩ ላይ የሚወርደውን ነገር የሐዋሳ ልጅ ሳልነግረው ያውቀዋል። ክፍት የተተወ ቦርሳ ካገኘች ደግሞ ጦጣ ቲውነራችሁን ብስኩት ናት ብላ ዛፍ ላይ ትወጣለች።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። መስመራችን 220 ቮልት ነው፣ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚያወርድ የደኅንነት ሽቦ) የሌለው ሶኬትም በየቦታው አለ። ቤዛችሁን ይዛችሁ ማይኩን በከንፈራችሁ ስትነኩ ንዝረት ከተሰማችሁ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ አምፑና ሚክሰሩ ከተለያየ መስመር ኃይል እየወሰዱ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ግራውንድ የለውም። ሁሉንም ከአንድ ግራውንድ ካለው ሶኬት በማከፋፈያ አውጡት። ኡኡታ የመሰለው የማያቋርጥ ድምፅም መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ሚክሰሩና አምፑ በሁለት መንገድ ግራውንድ ሲያገኙ ቀለበት ይፈጠራል። ለዚህ ዲአይ ቦክሱ ላይ ግራውንዱን የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ አለ፣ እሱን ሞክሩ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር የሚቆርጥ «ባለሙያ» ከመጣ ዕቃችሁን አትስጡት፤ ድምፁን ዝም ያሰኘው አደጋውን በእናንተ ገላ ላይ አዙሮ ነው። እርጥብ ሣር ላይ ቆማችሁ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ጣውላ ወይም የጎማ ምንጣፍ ከእግራችሁ ሥር አድርጉ።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያ ሥራችሁ አምፑን ማጥፋት ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ወይም መስመሩ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚገድለው። ጄኔሬተሩ ድምፁ ከረጋ በኋላ ሚክሰሩን፣ በመጨረሻ አምፑን አብሩ፤ ስታጠፉ በተቃራኒው። እስከዚያው ድራመሩ እንዳያቆም። ከበሮና ጭብጨባ መብራት አይፈልጉም።

አሁን ወደ ጨዋታው። ድራመሩን የምትቆሙለት በሃይ ሃት (በእግር በሚከፈቱትና በሚዘጉት ጥንድ ሲምባሎች) በኩል ይሁን፤ የኪኩን እግር ከዚያ ታያላችሁ። የቤዙ ኖታና ኪኩ አብረው ካረፉ፣ ሁለት ጀማሪዎች እንኳ ትልቅ ባንድ ይመስላሉ። ብዙ ልጅ ኖታው የት እንደሚጀምር ይጨነቃል፣ የት እንደሚያልቅ ግን አያስብም። ስኔሩ፣ ከፊቱ ያለው ጠፍጣፋ ከበሮ፣ ሲመታ ክሩን በግራ እጃችሁ አፍኑት፣ ያቺ ባዶ ቦታ ናት እስክስታውን የምታስነሣው። የማትመቱትን ክርም በቀኝ አውራ ጣት ጋርዱት፤ መድረኩ ሲንቀጠቀጥ ባዶ ክር ብቻውን መጮኽ ይጀምራል።

የኛ ችክችካ በ6/8 ነው፤ ስድስቱን በሁለት ከፍላችሁ፣ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት» ብላችሁ ቁጠሩ፣ ክብደቱ አንድና አራት ላይ ነው። በሦስት ሁለት-ሁለት ከከፈላችሁት ዳንሰኛው እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ስትጠራጠሩ የድራመሩን እጅ ሳይሆን የሚጨፍሩትን እግር እዩ። ሐዋሳ ላይ በአንድ ምሽት ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዘፈኑን ባታውቁትም የየብሔሩን መሠረታዊ ምት የሚያውቅ ቤዚስት ከኀፍረት ያመልጣል። ምቱን ከቪዲዮ ይልቅ ጨፍሮ ካደገ ሰው ተማሩት፤ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ የሚሰበሰበው ሕዝብ ከማንኛውም ቪዲዮ የተሻለ ያስተምራል።

ቅኝት ላይ ጀማሪ የሚያጠፋው «መነሻ ኖታና አምስተኛዋን ብመታ ይበቃል» ሲል ነው። ለትዝታና ለባቲ ይሠራል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን አይሠራም፤ ከሲ (C) ብንነሣ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ ግማሽ ቶን ዝቅ ያለችው)፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው፣ አምስተኛዋ ጂ የለችበትም። ልማዳችሁን ይዛችሁ ጂን ከመታችሁ ዘፋኙ ዞሮ ያያችኋል። አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) የሜጀሩ ሦስተኛ ኖታ፣ ኢ፣ የለውም፤ እሷን አትሙሉበት። ትዝታ ሜጀር ላይ አራተኛዋ የለችም፤ ከኢ ወደ ጂ ስትሄዱ ኤፍን መረማመጃ ካደረጋችኋት ሽታው ይለወጣል። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ደጋግማችሁ ስሙ፣ ምን እንደመታ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተወም ልብ በሉ። በስልክ ስፒከር አይደለም፤ ያቺ ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት አትችልም፣ የምትሰሙት የቤዙን ጥላ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ተጠቀሙ።

ዘፋኝ ድምፁ ሲደክም «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ይላል። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ ቁልፉን (ድምፁን ሁሉ በአንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) ተጭኖ በነበረበት ጣት ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ቁልፍ የላችሁም። ይባስ ብሎ «ኪዩ (የዘፈኑ መነሻ ኖታ) ሲ ነው» ብሎ የሚነግራችሁ ጣቱ ያለበትን እንጂ የሚሰማውን ላይሆን ይችላል። ሁልጊዜ «ትራንስፖዝ ላይ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልምምድ ላይም እያንዳንዱን ዘፈን ባዶ ክር ሳትጠቀሙ አጥኑት፣ ያኔ ማውረድ ማለት እጅን አንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ የተሰመረ አንድ ብረት) መግፋት ብቻ ይሆናል።

ልምምድ ቤት አራት አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን እየጨረሳችሁ ማረፍ ትለምዳላችሁ። ሠርግ ላይ ግን ሙሽሮቹ ሲገቡ ዘፈኑ የሚያልቀው እነሱ ሲቀመጡ ነው፣ ሦስት ደቂቃም አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል፤ ጭፈራው ሲደራ ደግሞ ዘፈን በዘፈን ላይ እየተቀጠለ 40 ደቂቃ ያለ እረፍት ይሄዳል። ክንድ የሚቆለፈው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ራሱን ያልሰማ ቤዚስት ክሩን እየደበደበ ይጫወታል። የአምፑን ቮልዩም ጥቂት ጨምራችሁ በዚያው ልክ ጣታችሁን አለስልሱ። በሳምንት ሁለቴ የስልክ ሜትሮኖም ከፍታችሁ 40 ደቂቃ ሳታቋርጡ ተጫወቱ፣ ክንዳችሁ የሚደክምበትን ደቂቃ ታውቁታላችሁ። ዘፋኙ ሽልማት እየተቀበለ አዝማቹን ቢደግም ወይም አንድ ቤት ቢዘልል ተከተሉት እንጂ «እንዲህ አልተለማመድንም» አትበሉ። ከጠፋባችሁ ዝም በሉ፣ አትፈልጉ፤ አዝማቹ ሲመጣ «አንድ» ላይ ግቡ።

ስለ ዕቃ አጭር ነው። ለመደበኛ ባለ አራት ክር ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 የሆነ የክር ስብስብ ይበቃል። የቤዝ ክር እምብዛም አይበጠስም፣ የሚሞተው ኬብል ነው፤ ስለዚህ ሁለት ኬብል ያዙ፣ እያንዳንዱ 6 ሜትር ገደማ። ከመሰካታችሁ በፊት በማንጠልጠያው ውስጥ አሳልፉት፣ ሰው ቢረግጠው አይነቀልም። ማንጠልጠያው እንዳይወልቅ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ክብ ቆርጣችሁ ከላዩ አጥልቁበት። ክር ሲደነዝዝ አዲሱ ውድ ከሆነባችሁ፣ አውልቃችሁ 10 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ አፍሉትና በደንብ አድርቁት፤ ለጥቂት ምሽቶች ብሩህነቱ ይመለሳል (በእናታችሁ የወጥ ድስት አይደለም)። ፀሐይ ላይ ክር ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ከጥላ ወደ ሜዳ ከወጣችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ቃኙ። ጭንቅላቱ ላይ የሚቆነጠጥ ቲውነር መድረኩ ሲንቀጠቀጥ የኢን ክር አልይዝ ካለ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ጣታችሁን ሳትጫኑ አስነክታችሁ ምቱት፣ ይይዘዋል። ጆሯችሁንም አስቡ፦ 100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ የሚመከረው በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከሲምባል አጠገብ ደግሞ ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ስለ ገንዘብ፦ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። ስንት ሰዓት እንደምትጫወቱ፣ ሳውንድ ሲስተሙን ማን እንደሚያመጣ፣ ማታ መመለሻ ትራንስፖርቱ የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። «አንድ ዘፈን ብቻ» የሚለው ልመና ከውሉ ሰዓት በኋላ ሲመጣ የሚቀጥለውን ሰዓት ዋጋ ወረቀቱ ይናገርላችሁ።

ቤት ስትደርሱ ደረቅ ጨርቅ ከክሩ ሥር ጭምር አሳልፋችሁ ጥረጉ፤ ላብና የሐይቁ እርጥበት ተባብረው በሳምንት ያዝጉታል። ባትሪ ያለው ቤዝ ከሆነም ጃኩን ንቀሉት። የሚያበራው ጃኩ ራሱ ነው፤ ተሰክቶ ካደረ ባለ 9 ቮልቷ ባትሪ እናንተ ተኝታችሁ እሷ ስትሠራ ታድራለች።