ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍል የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከአባቴ የወረስኩት የድሮ የድንጋይ ቤት አለኝ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ቦታ ብርድና ሙቀት በሚከላከል ፎም ለብጄ፣ ከሟች ወንድሜ ክፍል ደረጃ አውጥቼ ለልጄ መኖሪያ ላደርገው አስቤያለሁ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በስልክ ተስማምታለች። የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ። ፎም መለበጥ ብቻ ቢሆን ጥገና ሊባል ይችል ነበር፤ ወለል ማጠንከር፣ ደረጃ ማውጣትና መስኮት መክፈት ሲጨመር ግን የቤቱ አሠራር ይለወጣል። ስለዚህ የመሐንዲስ ንድፍ አሠርተው ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ያመልክቱ። ኮርኒስ የተሸከመ እንጨት ሰውን ከነአልጋው ላይችል ይችላል፤ በናስትሮ የተጠቀለለ አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመርም በፎም ተሸፍኖ መቅረት የለበትም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ቤትዎ በቅርስ ክልሉ ውስጥ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ከባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ያልጠየቁኝ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልነገሩኝም። ወንድምዎንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለደረጃው ሲሉ ብቻ ነው ያነሷቸው። ልጆች ትተዋል? ከአባትዎ በፊት ሞተው ከሆነ ልጆቻቸው በእርሳቸው ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ፤ በኋላ ከሆነም ድርሻቸው ለወራሾቻቸው ያልፋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለ ስለ እርሱ የሚወስነው ሕጋዊ ሞግዚቱ እንጂ አጎቱ አይደሉም።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። የወራሽነት ማስረጃ የያዘ ሰው ቤቱን የያዘ ይመስለዋል። ማስረጃው ወራሽ መሆንዎን ይናገራል እንጂ ድርሻዎን ለይቶ አያስረክብዎትም። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ ቤቱ የሁሉም ነው፤ የጋራ ንብረትን አገልግሎት ለመለወጥም የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ከወራሾቹ አንዱ ክፍፍል የጠየቀ ዕለት፣ ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ይሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል። «ግብሩን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የግብር ደረሰኝ ብቻውን የጋራውን ቤት የግል አያደርግም። ወጪዎን ያስረዱ ሲባሉስ? ለአናጺው በእጅ የሰጡት ብር ወረቀት የለውም፤ በስልክ የተባለ «እሺ»ም ሲካድ ማስረጃ ያጣል።

እህትዎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ይላኩ። ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ ስለማያልፍ፣ ውክልናው ይህንን ግንባታ በስም ይጥቀስ። ከዚያም ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅና በክፍፍል ጊዜ እንዴት እንደሚታሰብ ወራሾቹ ሁሉ የሚፈርሙበት የጽሑፍ ስምምነት ይዘጋጅ። ይህንን ራስዎ አይጻፉት። ካርታውን፣ የወራሽነት ውሳኔውንና የወንድምዎን ልጆች የልደት ማስረጃ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ፎሙን ቀድመው ገዝተው ከሆነ ደረሰኙን አይጣሉ፤ አናጺውን ግን ለጊዜው ያቆዩት።